የአውሮፓን የውጭ ንግድ የሚደራደረው ማን ነው? ከሮም ውል እስከ ደን ሕጉ የዘለቀ የሥልጣን ክፍፍል ታሪክ

መግቢያ

እንደሚታወቀው የአገራችን ቡና ለረጅም ዘመን ከሚሸጥባቸው ገበያዎች መካከል የአውሮፓ ገበያ ከፍተኛውን ስፍራ ከያዙት አንዱ ነው። ከመሠረታዊ ማኅበራት ተሰብስቦ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ ተበጥሮና ተለቅሞ በጅቡቲ ወደብ የሚጫነው ቡና ከሚደርስባቸው አገሮች ውስጥ ጀርመን፣ ቤልጂየምና ጣሊያን ይገኙበታል። ሆኖም ቡናው ሃምቡርግ ወይም አንትወርፕ ወደብ ሲደርስ የሚጠየቀውን ቀረጥና የሚቀርብለትን መመዘኛ የሚወስነው የጀርመን ወይም የቤልጂየም መንግሥት ለብቻው አይደለም። ውሳኔው የሚሰጠው በአውሮፓ ኅብረት ስም ነው።

ታዲያ «የአውሮፓ ኅብረት» ሲባል ማን ማለት ነው? ድርድር የሚቀመጠው ማን ነው? መመሪያ የሚሰጠው ማን ነው? ፊርማውንስ የሚያጸድቀው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ለዲፕሎማቶች ብቻ የሚተዉ አይደሉም። አንድ ሕግ በብራስልስ ሲወጣ ውጤቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እያንዳንዱ አባል አርሶ አደር ማሳ ድረስ ስለሚመጣ፣ አቤቱታም ሆነ ማስረጃ ለየትኛው አካል መቅረብ እንዳለበት ማወቅ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያሉ ተቋማት በውጭ ንግድ ድርድር ላይ ያላቸውን ሥልጣን እንዴት እንደተከፋፈሉት ከመነሻው ጀምሮ በአጭሩ ያስቃኛል። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ከተለዩት በስተቀር የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉ እናሳስባለን።

የሮም ውልና የመጀመሪያው ክፍፍል

መጋቢት 25 ቀን 1957 ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ሆላንድና ሉክሰምበርግ በሮም ከተማ ተሰብስበው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብን የመሠረቱበትን ውል ፈረሙ። ውሉ ከጥር 1 ቀን 1958 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ስድስቱ አገሮች በመካከላቸው ያለውን ቀረጥ አንስተው ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ ለመጣል ተስማሙ። የጋራው የጉምሩክ ታሪፍ ሐምሌ 1 ቀን 1968 ተጠናቀቀ።

ቀረጡ የጋራ ከሆነ ስለ ቀረጡ የሚደረገው ድርድርም የጋራ መሆን ግድ ነው። አንዱ አገር ለብቻው ከአሜሪካ ጋር ተደራድሮ ቀረጥ ቢቀንስ ዕቃው በእሱ በኩል ገብቶ በአምስቱ አገሮች ይሠራጫልና። በመሆኑም የሮም ውል በ113ኛው አንቀጽ የሚከተለውን የሥራ ክፍፍል ደነገገ።

1ኛ. ኮሚሽኑ ድርድር እንዲጀመር ሐሳብ ያቀርባል፤ ሲፈቀድለትም በአገሮቹ ሁሉ ስም ይደራደራል።

2ኛ. የአባል አገሮች ሚኒስትሮች የሚቀመጡበት ምክር ቤት ለመደራደር ፈቃድና መመሪያ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ስምምነቱን ይቀበላል ወይም ይጥላል።

3ኛ. ምክር ቤቱ የሚሰይመው ልዩ ኮሚቴ በድርድሩ ወቅት ኮሚሽኑን በቅርብ እየተከታተለ ያማክራል። ይህ ኮሚቴ ለብዙ ዓመታት «የ113 ኮሚቴ» በመባል ይታወቅ ነበር።

ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። የዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ከውጭ ገዢ ጋር ሲነጋገር የሥራ አመራር ቦርዱ የሰጠውን የዋጋ ወሰን ይዞ ነው፤ ከወሰኑ ቢወጣ ተመልሶ የሚጠይቀው አለ። ልዩነቱ በሮም ውል ጊዜ ከጠቅላላ ጉባኤ ጋር የሚመሳሰለው አካል፣ ማለትም ፓርላማው፣ በንግድ ጉዳይ ድምፅ ያልተሰጠው መሆኑ ነው። ይህ ጉድለት እስኪታረም ከሃምሳ ዓመት በላይ ወስዷል።

ባዶው ወንበርና የኬኔዲ ዙር ድርድር

የአዲሱ አሠራር የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና ከ1964 እስከ 1967 በጄኔቭ የተካሄደውና «የኬኔዲ ዙር» በመባል የሚታወቀው የዓለም ንግድ ድርድር ነበር። የኮሚሽኑን ወገን የመሩት ቤልጂየማዊው ዣን ሬ ናቸው። ስድስቱ አገሮች በአንድ አፍ ለመናገር ቢስማሙም አንዱ አፍ ምን ይበል በሚለው ላይ ግን አልተስማሙም ነበር። ጀርመን የፋብሪካ ምርቷን ለመሸጥ ቀረጥ በብዛት እንዲቀነስ ትፈልጋለች፤ ፈረንሳይ ደግሞ በቅድሚያ የገበሬዎቿ ገበያ እንዲጠበቅ ትሻለች።

በ1965 አጋማሽ በግብርና ገንዘብ አወጣጥና በድምፅ አሰጣጥ ጉዳይ ላይ አለመግባባት ተነሥቶ የፕሬዚዳንት ደጎል መንግሥት ሚኒስትሮቹን ከምክር ቤቱ ስብሰባ አስቀረ። ይህ ሁኔታ እስከ ጥር 1966 በመቆየቱ በታሪክ «የባዶው ወንበር ቀውስ» ተብሎ ይጠራል። ምክር ቤቱ ሙሉ ሆኖ ካልተሰበሰበ አዲስ መመሪያ አይሰጥም፤ መመሪያ ከሌለ ደግሞ ተደራዳሪው ጄኔቭ ተቀምጦ የሚለው አይኖረውም። ስለዚህ ድርድሩ ተጓተተ።

ቀውሱ ከተፈታ በኋላ ግን ሬ ከምክር ቤቱ በቂ የመንቀሳቀሻ ስፍራ አግኝተው ድርድሩን በ1967 ከፍጻሜ አደረሱት። ከዚያ ወዲህ አሜሪካም ሆነች ሌሎች አገሮች ስለ ቀረጥ ሲነጋገሩ አውሮፓን እንደ አንድ ተደራዳሪ ማየት ጀመሩ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። የተደራዳሪው እጅ በአገር ቤት መታሰሩ ሁልጊዜ ድክመት አይደለም። «ይህን ብቀበል ምክር ቤቱ አይቀበለኝም» ማለት የሚችል ተደራዳሪ ሌላው ወገን ተጨማሪ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ፍርድ ቤቱ ወሰን ሲያሰምር

የውሉ ቃል አጭር በመሆኑ የኮሚሽኑና የመንግሥታቱ ሥልጣን የት ላይ እንደሚለያይ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩን በየጊዜው የፈታው በሉክሰምበርግ የሚገኘው የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት ነው።

በ1971 ፍርድ ቤቱ ስለ ጭነት መኪና ሾፌሮች የሥራ ሰዓት በተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። ኮሚሽኑ ምክር ቤቱን ከሶ ክሱ ውድቅ ቢደረግበትም ከክሱ የሚበልጥ ነገር አገኘ። ፍርድ ቤቱ ማኅበረሰቡ በውስጥ የጋራ ሕግ ባወጣበት ጉዳይ አባል አገሮች ያንን ሕግ የሚነካ ውል ከውጭ አገር ጋር በየግላቸው መዋዋል አይችሉም የሚል መሠረተ ሐሳብ አስቀመጠ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጥቅምት 4 ቀን 1979 ስለ ተፈጥሮ ጎማ ስምምነት የተሰጠው አስተያየት ነው። በዚያን ዘመን ታዳጊ አገሮች የጥሬ ምርታቸው ዋጋ እንዳይዋዥቅ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች እንዲደረጉ ይጥሩ ነበር። የጎማው ስምምነት ዋጋ ሲወርድ የሚገዛ፣ ሲወደድ የሚሸጥ የመጠባበቂያ ክምችት ያቋቁማል። ጥያቄው ይህን ስምምነት የሚደራደረው ማኅበረሰቡ ብቻ ነው ወይስ አገሮቹም ጭምር የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ስምምነት የጋራው የንግድ ፖሊሲ አካል ነው አለ። ነገር ግን ለክምችቱ የሚሆነውን ገንዘብ አባል አገሮች ከየካዝናቸው የሚያወጡ ከሆነ እነሱም በስምምነቱ ተካፋይ ይሆናሉ ሲል ጨመረበት። በአጭሩ ገንዘብ የሚያወጣ ሁሉ ቃል አለው ማለት ነው።

በቡና ረገድም አገሮቹ በየስማቸው የነበራቸው ወንበር ውሎ አድሮ ወደ አንድ ወንበር ተጠቃሏል። በ2007 በተደረሰው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት መሠረት በለንደኑ ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ውስጥ የአውሮፓ ኅብረት የተቀመጠው እንደ አንድ ገዢ አባል ነው።

ሎሜ፣ ስታቤክስና ኢትዮጵያ

የካቲት 28 ቀን 1975 ዘጠኝ አባላት የነበሩት ማኅበረሰብና 46 የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ አገሮች በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ስምምነት ተፈራረሙ። ኢትዮጵያም ከ46ቱ አንዷ ነበረች። በዚህ ስምምነት መሠረት አብዛኛው ምርታችን ያለ ቀረጥ ወደ አውሮፓ እንዲገባ ተፈቀደ። ከዚህም ሌላ ቡናን ጨምሮ የተወሰኑ ጥሬ ምርቶች ገቢያቸው ሲያሽቆለቁል ማካካሻ የሚከፍል «ስታቤክስ» የተባለ ዘዴ ተቋቋመ። ኢትዮጵያም በቡናና በቆዳ ምክንያት ከዚህ ዘዴ ተጠቃሚ ሆናለች።

በሎሜ የሥልጣን ክፍፍሉ ከተራ የንግድ ስምምነት የተለየ መልክ ነበረው። ስምምነቱ ንግድን ብቻ ሳይሆን እርዳታንም የሚያጠቃልል በመሆኑ ማኅበረሰቡም ሆኑ አባል አገሮች በየስማቸው ፈርመውታል፤ እያንዳንዱ አገርም በየፓርላማው ማጽደቅ ነበረበት። ገንዘቡ የሚወጣው ከጋራው በጀት ሳይሆን አገሮቹ በተናጠል ከሚያዋጡት የአውሮፓ የልማት ፈንድ ሲሆን ይህ ፈንድ እስከ 2020 ድረስ ከኅብረቱ በጀት ውጭ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ስለ ቀረጥ ኮሚሽኑን ማነጋገር ቢበቃም ስለ ማካካሻው መጠን ግን የፓሪስን፣ የቦንንና የለንደንን የገንዘብ ሚኒስትሮች ፈቃድ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ስታቤክስ ከሎሜ ስምምነቶች ማብቃት ጋር በ2000 ቀርቷል።

ብሌር ሃውስ፤ ተደራዳሪው ከተሰጠው ወሰን ወጥቷልን?

ኅዳር 1992 የኮሚሽኑ ተደራዳሪዎች በዋሽንግተን በሚገኘው ብሌር ሃውስ በተባለ የእንግዳ ማረፊያ ከአሜሪካ ጋር በግብርና ጉዳይ ተስማሙ። ስምምነቱ በመንግሥት ድጎማ ወደ ውጭ የሚላከው የእርሻ ምርት መጠን በስድስት ዓመት ውስጥ በ21 በመቶ እንዲቀነስ የሚያደርግ ነበር። ይህ ለታዳጊ አገሮች ገበሬዎችም መልካም ዜና ነበር፤ በድጎማ የረከሰ የአውሮፓ እህል የገበያቸው ተፎካካሪ ነበርና።

ነገር ግን በኮሚሽኑ ውስጥ ሳይቀር ጠብ ተነሣ። የግብርና ኮሚሽነሩ አየርላንዳዊው ሬይ ማክሻሪ ፕሬዚዳንቱ ዣክ ዴሎር በድርድሩ ጣልቃ ገቡብኝ በማለት ከተደራዳሪነት ለቀው ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመለሱ። ፈረንሳይ ደግሞ ኮሚሽኑ ምክር ቤቱ ከፈቀደለት ወሰን አልፏል ስትል ከሰሰች፤ ገበሬዎቿም በተቃውሞ ወጡ። በ1993 የአባል አገሮች ሚኒስትሮች በጋራ ተሰብስበው ኮሚሽኑ ወደ አሜሪካኖች ተመልሶ «ማብራሪያ» እንዲጠይቅ አዘዙ። በታኅሣሥ 1993 ስምምነቱ ለአውሮፓ በሚያመች መንገድ ከተስተካከለ በኋላ የኡራጓይ ዙር ድርድር ተጠናቀቀ፤ በሚያዝያ 1994ም በማራካሽ ተፈርሞ የዓለም ንግድ ድርጅት እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው በወረቀት ላይ በአብላጫ ድምፅ የሚወሰን ጉዳይ እንኳ አንድ ትልቅ አባል አጥብቆ ከተቃወመው በተግባር እንደማያልፍ ነው። ሕጉ አንድ ነገር ነው፤ አብሮ የመኖር ልማድ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 15 ቀን 1994 ፍርድ ቤቱ የሸቀጥ ንግድ የማኅበረሰቡ ብቻ፣ አብዛኛው የአገልግሎት ንግድና የአእምሮ ንብረት ጉዳይ ግን የማኅበረሰቡና የአገሮቹ የጋራ ሥልጣን ነው ሲል ወሰነ።

«ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም ነገር»

በ2000 የንግድ ኮሚሽነሩ ፓስካል ላሚ እጅግ ድሃ ከሚባሉት አገሮች የሚመጣ ማንኛውም ምርት ከጦር መሣሪያ በስተቀር ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ወደ አውሮፓ ይግባ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ በድርድር የሚገኝ ውል ሳይሆን ኅብረቱ በራሱ የሚያወጣው ደንብ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ የተካሄደው ከእኛ ጋር ሳይሆን በአውሮፓውያኑ መካከል ነበር። ስኳር አምራቾች አጥብቀው ተቃወሙ፤ በምክር ቤቱም ሚኒስትሮች ድምፃቸውን አሰሙላቸው። በመጨረሻ ደንቡ በየካቲት 2001 ሲጸድቅ ሙዝ እስከ 2006፣ ስኳርና ሩዝ እስከ 2009 እንዲዘገዩ ተደረገ። ቡና ግን በአውሮፓ የሚያመርት ተፎካካሪ ገበሬ ስለሌለው የሚከራከርበት አልነበረም።

ኢትዮጵያ ከዚህ ዕድል ተጠቃሚ በመሆኗ፣ የኮቶኑ ስምምነትን ተከትሎ የመጣውን የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት ባትፈርምም ምርቷ ያለ ቀረጥ መግባቱን ቀጥሏል። በምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ ቡድን ውስጥ ከነበሩት አገሮች ጊዜያዊውን ስምምነት ነሐሴ 2009 የፈረሙት ሞሪሺየስ፣ ሲሸልስ፣ ማዳጋስካርና ዚምባብዌ ናቸው።

ይህን ዕድል በተመለከተ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ያልተቆላ ቡና ከየትኛውም አገር ቢመጣ ወደ አውሮፓ በዜሮ ቀረጥ ነው የሚገባው። ዕድሉ ጥቅም የሚሰጠው እሴት ለጨመረ ነው፤ ለተቆላ ቡና መደበኛው ቀረጥ 7.5 በመቶ ሲሆን ከእኛ ለሚሄደው ግን ዜሮ ነው። ሁለተኛ፣ በደንብ የተሰጠ በደንብ ሊነሣ ይችላል። ካምቦዲያ በሰብዓዊ መብት ምክንያት ከነሐሴ 12 ቀን 2020 ጀምሮ የዕድሉን ከፊል አጥታለች። ያንን ውሳኔ ያዘጋጀው ኮሚሽኑ ሲሆን ፓርላማውና ምክር ቤቱ የመቃወም መብት ነበራቸው።

የሊዝበን ውል፤ ፓርላማው ድምፅ አገኘ

ከታኅሣሥ 1 ቀን 2009 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሊዝበን ውል የድሮውን ሚዛን ለወጠው። በዚህ ውል መሠረት የንግድ ደንቦችን ምክር ቤቱና በሕዝብ የተመረጠው የአውሮፓ ፓርላማ በእኩልነት ያወጣሉ። የንግድ ስምምነትም ያለ ፓርላማው ይሁንታ አይጸድቅም። ኮሚሽኑ የድርድሩን ሂደት ለፓርላማው የንግድ ኮሚቴ በየጊዜው ማሳወቅ አለበት።

ፓርላማው አዲሱን ሥልጣኑን ለመጠቀም አልዘገየም። ሐሰተኛ ሸቀጦችን ለመከላከል ተብሎ የተደረገውንና ኮሚሽኑና 22 አባል አገሮች የፈረሙትን ዓለም አቀፍ ስምምነት ሐምሌ 4 ቀን 2012 በ478 ተቃውሞ፣ በ39 ድጋፍና በ165 ድምፀ ተአቅቦ ውድቅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ተደራዳሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፓርላማው ምን ይላል ብሎ ያስባል።

ሥልጣኑ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መከፋፈሉን የሚያሳየው የ2016ቱ የካናዳ ስምምነት ነው። ስምምነቱ የኢንቨስትመንት ክርክሮችን ስለሚመለከት እያንዳንዱ አባል አገር እንዲያጸድቀው ተወሰነ። በቤልጂየም ሕግ ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት ያለ ክልሎቹ ፈቃድ መፈረም አይችልም። ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያለው የዋሎን ክልል ምክር ቤት በጥቅምት 2016 «አይሆንም» አለ። ከሥጋቶቹ መካከል የክልሉ ከብት አርቢዎች ዕጣ ይገኝበት ነበር። የክልሉ መሪ ፖል ማኜት ዋስትና እስኪያገኙ ድረስ በአቋማቸው ጸኑ፤ የተያዘውም የፊርማ ቀን አለፈ። ስምምነቱ ጥቅምት 30 ቀን የተፈረመው ማብራሪያ ከተጨመረበት በኋላ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤቱ ስለ ሲንጋፖር ስምምነት በሰጠው አስተያየት ወሰኑን እንደገና አሰመረ። ከዚያ በኋላ ኮሚሽኑ ንግዱን ከኢንቨስትመንት ጥበቃው እየለየ ማቅረብ ጀመረ። ዓላማውም የንግዱ ክፍል በየክልሉ በር ላይ እንዳይቆም ነው።

የደን ሕጉ፤ የንግድ ጉዳይ በሌላ በር ሲመጣ

እስካሁን የተነገረው ታሪክ ለእኛ ዛሬ የሚሰጠው ትርጉም በደን ሕጉ ላይ ይታያል። ኮሚሽኑ በኅዳር 2021 ባቀረበው ሐሳብ ላይ ምክር ቤቱና ፓርላማው ከተስማሙ በኋላ በ2023 የወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 ቡናን፣ ካካዎን፣ የዘንባባ ዘይትን፣ ጎማን፣ አኩሪ አተርን፣ እንጨትንና ከብትን ይመለከታል። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.) በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የለማ ቡና ወደ አውሮፓ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ገዢው ቡናው የበቀለበትን ማሳ ትክክለኛ አቀማመጥ ማቅረብ አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ፣ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል።

ይህ ደንብ በውጤቱ የውጭ ንግድን በእጅጉ የሚነካ ቢሆንም በሕግ መሠረቱ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ነው። በመሆኑም ያዘጋጀው የኮሚሽኑ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ነው፤ በፓርላማውም የመራው የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ ነው። ከአምራች አገሮች ጋር የተደረገ ድርድር ውጤት ስላልሆነም ከፈራሚዎቹ መካከል የእኛ ስም የለም።

ሆኖም በሩ ዝግ አይደለም። በ2024 ከአምራች አገሮችና ከአውሮፓ ነጋዴዎች በቀረበው አቤቱታ ኮሚሽኑ ደንቡ በአንድ ዓመት እንዲዘገይ ሐሳብ አቀረበ። ፓርላማው ተጨማሪ ማሻሻያዎችን ለማስገባት ቢሞክርም ምክር ቤቱ ስላልተቀበለው መዘግየቱ ብቻ ጸደቀ። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ እንደገና ተሻሽሎ ለትላልቅና መካከለኛ ድርጅቶች እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2026 (ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.)፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች እስከ ሰኔ 30 ቀን 2027 (ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም.) ተራዘመ። የጊዜ ገደቡ የሚመለከተው አውሮፓ ውስጥ ያሉትን አስመጪዎች ነው። ትልቁ ቆይ ገዢ ማስረጃውን የሚጠይቀን ግን ቡናው ከመጫኑ በፊት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ትምህርት ይሰጣል?

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚከተሉትን ነጥቦች መጨበጥ ይቻላል።

አንደኛ፣ አቤቱታ እንደየጉዳዩ ለየበሩ መቅረብ አለበት። የቀረጥ ጉዳይ የንግድ ኮሚሽነሩንና የሚኒስትሮችን ምክር ቤት፣ የደን ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ክፍሉንና የፓርላማውን ኮሚቴ ይመለከታል። ማኅበራት በቀጥታ ብራስልስ ባይደርሱም፣ በዚያ ለሚገኘው ኤምባሲያችንና ለሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት መረጃ ይህን ልዩነት የተረዳ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛ፣ በምክር ቤቱ ውሳኔ የሚያልፈው ከ27ቱ አገሮች 55 በመቶው፣ ከሕዝቡም 65 በመቶው ሲደግፈው ነው። ስለዚህ ቡናችንን የሚገዙ ትላልቅ አገሮች ቆይዎችና ነጋዴዎች ለእኛ ደንበኞች ብቻ ሳይሆኑ በየመንግሥታቸው ዘንድ ድምፅ ሊሆኑን የሚችሉ ናቸው። እንግሊዝ በ2020 ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ የራሷን የቀረጥ ሥርዓት ስለምትከተል ከእሷ ጋር ያለው ጉዳይ ለብቻው ይታያል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የማሳ መረጃ ባለቤትነት ነው። የአርሶ አደሩ ማሳ ካርታ ዛሬ እንደ ቡናው ሁሉ ዋጋ ያለው ነገር ሆኗል። መረጃውን የሰበሰበው አንድ ገዢ ብቻ ከሆነ አርሶ አደሩ ቡናውን ለሌላ ለመሸጥ ሲፈልግ ማስረጃው በገዢው እጅ ይቀራል። መረጃው በመሠረታዊ ማኅበሩና በዩኒየኑ መዝገብ ከተያዘ ግን ተደራዳሪያችን ባዶ እጁን አይቀመጥም። በጎማው ጉዳይ ገንዘብ ያወጣ ሁሉ ቃል እንዳገኘ፣ በዚህ ጉዳይም መረጃውን የያዘ ቃል ይኖረዋል።

አራተኛ፣ የሥልጣን ክፍፍል ሥራ ያጓትታል ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ይደራደር፤ ቦርዱ ወሰን ይስጥ፤ ቁጥጥር ኮሚቴው ይከታተል፤ ጠቅላላ ጉባኤው የመጨረሻውን ቃል ይናገር። የብሌር ሃውስ ጠብ የመጣው ወሰኑ በግልጽ ባለመታወቁ፣ የዋሎን መዘግየት የመጣው ደግሞ የታችኛው አካል ሥጋት በወቅቱ መልስ ባለማግኘቱ ነው። የውል ሐሳብ ለአባላት ቀድሞ ቢገለጽ በኋላ የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ስድስት አገሮች የጀመሩት የጋራ ድርድር ዛሬ የ27 አገሮች ሆኗል። ሥልጣኑም በመጀመሪያ በኮሚሽኑና በሚኒስትሮች መካከል፣ ቀጥሎ በፍርድ ቤቱ ዳኝነት፣ በኋላም በፓርላማውና እንደየአገሩ ሕግ በክልሎች ጭምር ተከፋፍሏል። ይህ ሁሉ የሆነው ማንኛቸውም አገሮች ለብቻቸው ቢደራደሩ የማያገኙትን በአንድነት ማግኘታቸውን ስላወቁ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን አባባል እዚያም ይሠራል።

እኛም በየቀበሌው ተበታትነን እሸት ቡናችንን በየፊናችን ከመሸጥ ወጥተን በመሠረታዊ ማኅበር፣ ከዚያም በዩኒየን የተደራጀነው ለዚሁ ነው። በዓሉን ስናከብር ያለፈውን ከማወደስ ጋር የየማኅበሩን የማሳ ምዝገባ ከቀጣዩ የመኸር ለቀማ በፊት አጠናቅቆ በራሳችን መዝገብ መያዝ የእያንዳንዱ አባልና የየደረጃው አመራር የቤት ሥራ መሆኑን ልናስብ ይገባል።

መልካም የምሥረታ በዓል!